ክረምቱ የማን ነው? ስለ ግቢ ሣር ለተጻፈ ምክር ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። በመጸው መጨረሻና በክረምት የግቢ ሣር እንዴት እንደሚያዝ የሚመክር ነው። ከላኩልኝ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንደዚህ እናድርገው» ብላ ጽፋልኛለች። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቤት ሠርታ ገና በዚህ ዓመት ሣር ያስተከለች ልጅ ናት። ምክሩን እንዳለ ብትከተለው ያ ሣር ፋሲካን የሚያይ አይመስለኝም። ቁጭ ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ላስቀምጥ። በጥቅምት መጨረሻ ሣሩን ለመጨረሻ ጊዜ አሳጥራችሁ እጨዱ ይላል። ከዚያ ውሃ አቁሙ፤ የግድ ካስፈለገም በቀትር አጠጡ። በኅዳር ፖታሲየም የበዛበት ማዳበሪያ ስጡ። የወደቀ ቅጠል ልቀሙ። መሬቱን በመንሽ እየወጋችሁ ቀዳዳውን በአሸዋ ሙሉ። የተራቆተ ቦታ ላይ ዘር ዝሩ። የሽበት (ጥላ ባለበት መሬትና ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር) እና የሻጋታ መድኃኒት ርጩ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ሣሩን አትርገጡ።

ጸሐፊውን አላውቀውም፤ ድካሙን ግን አከብራለሁ። ስለ ሣር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ለለንደን ወይም ለበርሊን ግቢ ቢሆን አብዛኛው ምክር ትክክል ነው። እኛ ግን ያለነው ጎንደር ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ። የእኛ ሣር በኅዳር የሚገጥመው ችግር ብርድ አይደለም። ውሃ ማጣት ነው።

ከቃሉ ልጀምር። ጽሑፉ «ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር» ይላል። እኛ ዘንድ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ የሚወጣው መስከረም 25። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው። ቀጥሎ በጋ ይገባል። ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉት ወቅት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ያለው ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከመጸው ጭራ ተነስቶ በጋ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ቃሉን «ክረምት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ወሩን እንዳለ ትቶ ቃሉን ብቻ መተርጎም ግን አንባቢውን ያሳስታል። አንድ ሰው «በክረምት ውሃ አታጠጡ» የሚለውን አንብቦ ኅዳር ላይ ጎማውን ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ፣ ሣሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ደህና ዝናብ ላያገኝ ይችላል። ጎንደር የዓመት ዝናቧን በአብዛኛው የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሌላው ወር በአብዛኛው ደረቅ ነው።

ሌላው ልዩነት የሣሩ ዘር ነው። ጽሑፉ የሚናገርለት ሣር በአውሮፓ ግቢዎች የሚበቅለው ዓይነት ነው፤ ራይግራስና ፌስኪው የሚባሉት። እነዚህ ቅዝቃዜ ወዳዶች ናቸው። ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው አየር ይፋፋሉ። አፈሩ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ እድገታቸውን ያቆማሉ። የእኛ ግቢ ሣር በአብዛኛው ሰርዶ ነው፤ አለዚያም ኪኩዩ። ሁለቱም ሙቀት ወዳዶች ናቸው። ሰርዶ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ድረስ እንደ ልቡ ያድጋል። ኪኩዩ ደግሞ ስሙን ከኬንያ ሕዝብ ያግኝ እንጂ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ የእኛም ደጋ ያበቅለዋል። ጎንደር በታኅሣሥ ቀን ላይ ከ25 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያስደርባል፤ ሆኖም ሣር የሚገድል ብርድ አይደለም።

ብርሃኑንም አስቡት። በታኅሣሥ አጋማሽ ለንደን ላይ ቀኑ 8 ሰዓት አይሞላም። ጎንደር ላይ ከ11 ሰዓት በታች አይወርድም። የነሱ ሣር ብርሃን ስላጣ፣ ስለበረደውም ይተኛል። የእኛው ብርሃንም ሙቀትም ሞልቶት፣ ውሃ ስላጣ ብቻ ይተኛል። የሁለቱ እንቅልፍ የተለያየ ነው። መድኃኒታቸውም እንዲሁ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

በጥቅምት መጨረሻ አሳጥራችሁ እጨዱ የሚለው ለበረዶ ሀገር ምክንያት አለው። ረጅም ሣር ከበረዶ ሥር ሲተኛ ይታፈናል፣ ይሻግታል። እዚያም ቢሆን እስከ ሥሩ ላጩት አይባልም፤ 4 ወይም 5 ሳንቲም ይተዉለታል። እኛ ዘንድ አሳጥሮ ማጨድ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዝናቡ ከወጣ በኋላ የሣሩ ቅጠል ለራሱ አፈር ጥላ ነው። ጥላውን ካነሳችሁለት ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ ታገኘዋለች። ያጠጣችሁት ውሃ ሥር ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ መስከረም ላይ 3 ወይም 4 ሳንቲም ታደርጉት የነበረውን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ወደ 6 ሳንቲም ከፍ አድርጉት። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ማሽኑ ወይም ማጭዱ የተሳለ ይሁን። የደነዘዘ ስለት ሣሩን አይቆርጠውም፣ ይቀደዋል። የተቀደደ ጫፍ በሁለት ቀን ይነጣል። አሳጥሮ ማጨድ ያማረው ሰው ሰኔ ይጠብቅ። ያኔ ዝናቡ ያነሳዋል።

ዙሪያችንን ያለውን ገበሬ ተመልከቱ። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩን አጭዶ ድርቆሽ ይከምራል። አሳጥሮ ያጭዳል፣ እውነት ነው። እሱ ግን የሚፈልገው ለከብቱ መኖ ነው። በመጋቢት አረንጓዴ መስክ እንዲኖረው አይደለም። እኛ ከግቢያችን የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ውሃው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ዋናው ነገር ይኸው ነውና።

ውሃ በፈረቃ የምትመጣበት ከተማ ውስጥ ስለ ሣር ማጠጣት መጻፍ ከባድ ነው። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መሄዱን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት እያየሁ «ሣራችሁን በየቀኑ አርጥቡ» ለማለት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ቢሆንም «ውሃ አቁሙ» የሚለውም ትክክል አይደለም። በመሐል መንገድ አለ። መንገዱም በሒሳብ ይጀምራል።

አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ላይ ሲፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደ ማለት ነው። 50 ካሬ ሣር አላችሁ እንበል። በደረቁ ወራት አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይህ 1,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን። አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ በየሳምንቱ ማለት ነው። ብዙ ቤት ይህንን አይችልም፤ ቢችልም ለኅሊና ይከብዳል። እንዳይሞት ብቻ ከፈለጋችሁ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ይህ 500 ሊትር ነው፤ በወር 25 ጀሪካን። ልዩነቱን አያችሁት? በመጀመሪያው ስሌት በአራት ሳምንት 200 ጀሪካን ይፈሳል። በሁለተኛው 25። ሁለተኛው ሣር ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ የሞተ ይመስላል። ግን አይሞትም። ሰርዶ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ አለው፤ ኪኩዩም እንዲሁ። ነፍሱ እዚያ ናት። ኪኩዩ ከሰርዶ ይልቅ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል፣ እሱን ቀድማችሁ እዩት።

የእህቴ ልጅ ሣር ግን ለብቻው ይታይ። ሐምሌ ላይ የተተከለ ሣር ሥሩን ገና አላወረደም። ለመጀመሪያው በጋ በየሳምንቱ ካልሆነም በየአሥር ቀኑ ማጠጣት ያስፈልገዋል። ውሃው ከሌለ ከግቢው ግማሹን መርጣ ታድን። ሁሉንም ከፋፍላ ከማስራብ ግማሹን አጥግቦ ማቆየት ይሻላል። የቀረውን በሚቀጥለው ሰኔ ከዳነው ላይ እየነቀለች መልሳ ትተክለዋለች።

አጠጣጡም ይለያል። በየማታው ጎማ ይዞ ላይ ላዩን መርጨት የሁላችን ልማድ ነው፤ ደስ ይላል፣ አቧራውም ይተኛል። ለሣሩ ግን ጉዳት አለው። ውሃው የላይኛውን ሁለት ጣት አፈር ብቻ ስለሚያርስ ሥሩም እዚያው ይቀራል። ከዚያ አንድ ሳምንት ውሃ ሲጠፋ የሣሩ ሥር ጥልቅ ቦታ ላይ የለም። አልፎ አልፎ፣ ግን አጥግቦ ማጠጣት ነው የሚሻለው። ስንዝር ያህል መራሱን በቀጭን ብረት ወግታችሁ አረጋግጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ ጽሑፉ በቀትር አጠጡ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ውርጭ ባለበት ሀገር የማታ ውሃ ሌሊት ላይ ይረጋል። በእኛ የታኅሣሥ ቀትር ግን ፀሐይዋ ድርሻዋን ቀድማ ትወስዳለች። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አጠጡ። ፈረቃው ውሃ የሚያመጣው ሌሊት ከሆነ ሮቶውን ሞልታችሁ ማለዳ ተጠቀሙበት።

ስለ እጣቢ ውሃ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ልብስ ያለቀለቃችሁበት የመጨረሻው ውሃ ለሣር ይሆናል። የመጀመሪያው የሳሙና ውሃ ግን ይቅር። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ዋልካ የሚባለውን ጥቁር ጭቃማ አፈር ያበላሻል፤ አፈሩ ውሃ ማሳለፍ ይተዋል። በረኪና የነካው ውሃ ጭራሽ አይጠጋው። የዕቃ እጣቢም ቅባት ስላለበት አልመክረውም። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አታፍስሱ፣ አዟዙሩት። ዝናብ ሲመጣ የተከማቸውን ያጥበዋል።

ማዳበሪያ ላይ ስንመጣ የጸሐፊው ምክር ለሀገሩ ሣር ልክ ነው። ፖታሲየም ብርድ እንዲቋቋም ይረዳዋል። በእኛ ኅዳር ግን ሣሩ ማዳበሪያውን የሚበላበት ውሃ የለውም። የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ የአበባ መድኃኒት ከሚሸጥ ቤት የፖታሲየሙን ዓይነት ያጣ ሰው ዩሪያ ገዝቶ ይበትናል። ዩሪያ በደረቅ ሣር ላይ ሲወድቅ ያቃጥለዋል። ክብ ክብ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። የማዳበሪያ ጊዜያችን ሁለት ነው። አንዱ ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲደላደል። ሌላው ነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ሳያልቅ። ለ50 ካሬ ግማሽ ኪሎ ዩሪያ በአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ሳይኖር፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል በእጅ እኩል መበተን ነው። ደህና የበሰለ ፍግ ያለው ሰው ዩሪያም አያስፈልገውም። ያልበሰለ ፍግ ግን ሙጃና ሌላ አረም ይዞባችሁ ይመጣል።

ቅጠል ልቀሙ በሚለው እስማማለሁ፤ ግን ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓ ቅጠሉ በአንድ ወቅት ውስጥ ረግፎ ያበቃል። እዚያ ቅጠል ከሣሩ ላይ ካልተነሳ ያንን ያነሰ ብርሃን ጭራሽ ይከለክለዋል። በእኛ ግቢ ያለው ወይራና ጽድ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያራግፋል። ግራቪሊያም እንዲሁ። ጃካራንዳ የሚራገፈው በጋው ሲገፋ፣ አበባው ሊመጣ ሲል ነው። ስለዚህ ቅጠል መልቀም የኅዳር ሥራ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ማየት ነው።

ሆኖም ኅዳር የራሱ ቀን አለው። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ሠፈሩ በጢስ ይሞላል። ልማዱ እኔም ያደግሁበት ነው። ግቢ መጥረግ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ቤት ቅጠሉን የሚሰበስበው ሣሩ መሐል ነው፤ እዚያው ይለኩሰዋል። እሳቱ የነደደበት ክብ ቦታ እስከ ሰኔ ሣር አያበቅልም፤ ከመሬት በታች ያለው ግንድ ጭምር ይበስላል። አመዱም ሲከመር አፈሩን ይለውጠዋል። እባካችሁ ለጭሱ ያህል ከድንጋይ ወይም ከባዶ መሬት ላይ ትንሽ አጢሱ። የቀረውን ቅጠል ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ በመሐሉ አፈርና ፍግ ጣል አድርጉበት፣ ውሃ አርከፍክፉበት። ሰኔ ላይ ጥቁር ብስባሽ ታገኛላችሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ አይግባበት፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ይጎዳል።

መሬቱን በመንሽ ውጉና አሸዋ ሙሉ የሚለው ደግሞ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ መኪና አሸዋ ልታዝዝ ነበር። አዘዞ አካባቢ አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በኅዳር እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ በየካቲት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የደረቀ ዋልካ ላይ መንሽ አይገባም፣ ቢገባም ጓል ነቅሎ ሥር ይበጣጥሳል። አሸዋውም ከላይ ለብቻው ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ውሃው በአሸዋው አልፎ ዋልካው ላይ ሲደርስ ይቆማል። መውጋት ያለብን አፈሩ ለስልሶ ሳይጨቀይ ነው፤ መስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ዝናቡ ሲሳሳ። ሣሩም ያኔ ቁስሉን የሚሽርበት ጉልበት አለው። ቀዳዳውን በብስባሽ ሙሉት። በጋ ላይ ስንጥቅ ከመጣ ደግሞ የተነፋ ብስባሽ ወደ ስንጥቁ በመጥረጊያ አስገቡ። ስንጥቁን እንደ ጠላት አትዩት፤ በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ታች የሚወርደው በዚያ ነው።

ዘር ዝሩ ስለሚለው የራሴን ልንገራችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ከውጭ የመጣ የሣር ዘር ሸጠልኝ። በማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ያምራል። በኛ አየር ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ የትም ይሆናል አሉኝ። በመስከረም ዘራሁት። በአሥር ቀን በቀለ። በኅዳር ግቢዬን ያየ ሁሉ ቆሞ ያደንቅ ነበር፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ጥር ላይ በየሁለት ቀኑ ውሃ ጠየቀኝ። ውሃው ጠፋ። በመጋቢት ሙቀቱ ሲጨምር ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። እንደ ሰርዶ አልተኛም፣ ሞተ። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲመጣ ከመሬቱ የወጣው አረም ብቻ ነበር። ያ ዘር የቅዝቃዜ ሀገር ዘር ነበር። የሸጡልኝ ሰዎች በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ እነሱም ማሸጊያውን አምነው ነው። የሚያስቆጨኝ ያፈሰስኩት ውሃ ነው።

ሰርዶና ኪኩዩ በዘር ከመልፋት ይልቅ በቁራጭ ቢተከሉ ይሻላሉ። ከጎረቤት አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ግንድ ነቅሎ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ባለው ቁራጭ ከፋፍሎ፣ ሐምሌ ላይ ስንዝር ስንዝር አራርቆ መቅበር ነው። ገንዘብ አያወጣም። ግቢዬን ያዳንኩት እንዲህ ነው። አንድ ጎረቤቴ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ «ልጄ፣ ከደጃፌ ውሰድ፣ ይሄ ጥም የለመደ ነው» ብለው ሰጡኝ።

በሽበትና በሻጋታ መድኃኒት ላይ ብዙ አልቆይም። ሽበት የሚወደው ጥላና የማያቋርጥ እርጥበት ነው፤ የእኛ ኅዳር ሁለቱም የለውም። በክረምት ግንብ ጥግ ያየነው በበጋው ራሱ ይደርቃል። ለእሱ የሚረጨው የብረት ሰልፌት ደግሞ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ የዝገት ቀለም ይተዋል፤ በድንጋይ የተነጠፈ ግቢ ያለው ሰው አይጠጋው። የበረዶ ሻጋታ የሚባለው በሽታም ብርድና እርጥበት የበዛበትን፣ በተለይም በረዶ የሸፈነውን ሣር ነው የሚይዘው። በረዶ በሌለበት ገንዘብ አታውጡበት።

የመጨረሻው ነጥብ ውርጭ ነው። ውርጭ ያረፈበትን ሣር ስትረግጡት በቅጠሉ ውስጥ የረጋው ውሃ ሕዋሱን ይቀደዋል፤ ለቀናት የጫማችሁ ዳና ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህ ትክክል ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሽቅብ ለሚኖሩ፣ ለደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች ላሉ ወገኖቻችን ምክሩ በቀጥታ ይጠቅማል። እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ መሬቱ ነጭ ለብሶ ይታያል። በእኛ ከተማ ግን ሣሩን የሚጎዳው እግር በሌላ ቀን ይመጣል። በጥምቀት።

ጎንደሬ ለጥምቀት እንግዳ የማይቀበል ማን አለ? ከየሀገሩ ዘመድ ይመጣል። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ እኛ ግቢ ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። ድንኳኑ እስከ ቃና ዘገሊላ ይቆማል። ያ ሣር ያኔ ሁለት ወር ተጠምቶ የቆየ ነው። የደረቀ ሣር ሲረገጥ ይሰበራል እንጂ አይጎብጥም። ሲሰበር ደግሞ እንደ ክረምቱ ቶሎ አይመለስም። ታዲያ እንግዳችንን ሣር አትርገጥ ልንል ነው? አይሆንም። ሣሩ የተተከለው ለዚያ ቀን ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ለወሩ የመደብኩትን ውሃ ጥር 5 ላይ አጥግቤ አጠጣለሁ። አምስት ቀን ሲያርፍ አፈሩ ይጠነክራል፣ ሣሩ ግን ውሃ ቋጥሯል፣ ሲረገጥ ይተጣጠፋል። በዋዜማው አላጠጣም፤ እርጥብ ዋልካ ላይ መቶ ሰው ሲመላለስ አፈሩ እንደ ጡብ ይደደራል። የከሰል ምድጃው ከድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ፍል ውሃና የድስት እጣቢ ሣሩ ላይ አይደፋም፤ ለዚህ አንድ ልጅ አደራ እላለሁ። ቄጤማውም የሚጎዘጎዘው ለበዓሉ ያህል ነው። እርጥብ ቄጤማ ከሣሩ ላይ ሳምንት ከሰነበተ ከሥሩ ያለው ሣር ተቀቅሎ ይነጣል። ጥር 13 ድንኳኑ ይነሳል፣ ቄጤማው ይጠረጋል፣ የተኛው ሣር በመንሽ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ከዚያ ትንሽ ውሃ። ከዚያ ማረፍ።

የፋሲል ግንብ ግቢን በመስከረምና በመጋቢት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። በመስከረም ከግንቡ ሥር ያለው ሣር አረንጓዴ ነው። በመጋቢት ገለባ ይመስላል። በሐምሌ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሣር አፍሬ አላውቅም። የመጋቢት ቢጫ ሣር የጎንደር መልክ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም ይቅርታ አልጠይቅበትም።

ለእህቴ ልጅ አንድ መፈተኛ ነግሬያታለሁ። በመጋቢት ሣሩ ሞቷል ብለሽ ከሠጋሽ ከአምስት የተለያዩ ቦታዎች ጣት የሚያህል ግንድ ከነሥሩ ንቀይ። በጥፍርሽ ፋቂው። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ ያ ቦታ አልቋል። ካልተማመንሽ ግንዶቹን በአፈር በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ቅበሪ፣ መስኮት ላይ አስቀምጪ፣ በየቀኑ አንድ ስኒ ውሃ ስጪ። በአሥር ቀን ውስጥ ከአንጓው አረንጓዴ ጫፍ ካየሽ ግቢውን አትንኪው፣ ሰኔን ጠብቂ። ትናንት ደውላልኝ ነበር። አሸዋውን ትታለች። ቆርቆሮውን ከአሁኑ አዘጋጅታለች።